የላሜ ሆድና የሰው ሰንጢ

ያን ቀን ጠዋት ልጥ እየላጥሁ ነበር። ሌሊት የጣለው ዝናብ አጥሬን አጋድሞት፣ ከባሕር ዛፍ ልጥ እየላጥሁ አስር ነበር። አንቺ ጀርባዬ ላይ ታዝለሽ ተኝተሻል፤ ገና ቁጭ ማለት እንኳ አልቻልሽም። እናትሽን ቀብረናታል። ጡት የሚያጠባሽ የለም። ነፍስሽ የተያዘችው በዚያች በአንዲት ላም ወተት ነው። ጻፊው እንጂ፣ ምን ታይኛለሽ?

ልጡን የምልጥባት የአያትሽ ሰንጢ ናት። እጀታዋ የበሬ ቀንድ፣ ስለቷ እየታጠፈ እጀታው ውስጥ የሚገባ። እሱ ከሞተ ወዲህ ከመቀነቴ ተለይታኝ አታውቅም። ድንች ለዘር የምከፍል በእሷ፣ ከእግሬ እሾህ የማወጣ በእሷ፣ የበጉን ሸኮና የምከረክም በእሷ፣ የጆንያ አፍ የምፈታ በእሷ። ቢላዋ ቤት ይውላል፤ ሰንጢ ግን ከሰው ጋር ነው የምትውል። በደነዘች ቁጥር ድንጋይ ላይ ስስላት፣ ስስላት፣ ስለቷ አልቆ ጣቴን አያህልም ነበር። ለልጥም ለድንችም ስለምትበቃኝ ማለቋን ልብ ብዬው አላውቅም።

ፀሐይ ሞቅ ሲል ቀና ብል ላሚቱ ተጋድማለች። ወሩ መስከረም ነው፤ መስኩ ማገጥ የሚሉት ሣር ሞልቶበታል። ያን ሣር ጤዛው ሳይረግፍ የበላ ከብት ሆዱ ይነፋል። ሮጥሁ። ግራ ጎኗ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ከጀርባዋ በላይ ወጥቷል። ምላሷ ወጥቶ ታቃስታለች። «ተነሽ እናቴ፣ ተነሽ በሞቴ» እያልሁ በርግጫም በልመናም ሞከርሁ። ንቅንቅ አላለችም።

የሰው ያለህ ብዬ ጮህሁ። ማን ይስማኝ? አገሩ ሁሉ የማዶ ሰው ሊቀብር ወጥቶ፣ መንደሩ ውስጥ የቀረነው እኔና ውሻ ነን። አንቺም ነቅተሽ ከኔ ጋር ትጮሂያለሽ።

ከጥርባ ወደ ቆሰበር በሚወስደው መንገድ አንድ ሰው በአህዮች ድንች ጭኖ ብቅ አለ። አውቀዋለሁ፤ ከገበሬው ድንች እየገዛ የሚወስድ የቆሰበር ባለሱቅ ነው። እስላም ነው። ደኅና አደርህም ሳልለው «ድረስልኝ!» አልሁት። አህዮቹን ለቆ መጣና ላሚቱን ሲያይ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«እማማ፣ ይች ላም እኮ ልትሞትብዎ ነው።»

«አይቼ የለም እንዴ! ለከብት ሐኪሙ ደውልልኝ።»

ሞባይሉን አውጥቶ ወደ ሰማይ ዘርግቶ ዞረ፣ ዞረ። «ኔትወርክ የለም» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አይቆጡኝ እማማ። እኔ ላርዳት። ነፍሷ ሳትወጣ ከታረደች ሥጋውን ለኛ ሰዎች ወስጄ ገንዘቡን አመጣልዎታለሁ። እንዲሁ ከሞተች በክት ናት፤ ለርስዎም አትሆን፣ ለኔም አትሆን፣ ለጅብ ነው።»

እውነቱን ነው። ሴት አታርድም፤ እኔ ባርዳት የሚበላት የለም። እሱ ካረዳት ክርስቲያን አይበላትም። ክርስቲያን ወንድ ደግሞ ሁሉም ቀብር ላይ ነው። ግን ገንዘቡ ምን ያደርግልኛል? ገበያ ወጥቼ የምትታለብ ላም እስካገኝ ድረስ አንቺ ምን ልትጠጪ ነው? ውኃ ልስጥሽ?

«አላሳርዳትም፤ እወጋታለሁ፣ ነፋሱ ይውጣላት» አልሁት።

«ከወጓት በኋላ ብትሞትስ?»

«አንተ ሰው፣ ቀንዷን ያዝልኝ!»

አያትሽ ሲያደርገው አይቻለሁ። የሚወጋው በግራ በኩል፣ በመጨረሻው የጎን አጥንትና በዳሌዋ መካከል ነው። በስመ አብ ብዬ ሰንጢዬን ሰካሁባት። ደም ወጣ፣ አየር ግን የለም። እዚያው ላይ ደግሜ እስከ እጀታው ገፋኋት። ምንም! ቆዳውን አልፋ ከሆዷ አልደረሰችም። ከዚያ ወዲያ የምትገባ ስለት የላትም። የማደርገው ጠፍቶኝ በቡጢዬ ጎኗን እመታ ጀመር።

እሱ ከኪሱ የራሱን ሰንጢ አወጣ። ረዥም ናት፣ አዲስ ናት። ከፍቶ ዘረጋልኝ። እጄ እምቢ አለኝ። በእስላም ሰንጢ የተወጋች ከተባለች፣ ቀባሪው ነፍሷ ሳትወጣ ቢደርስባት እንኳ ማን ይባርክና ያርድልኛል? ብትድንስ ወተቷን ማን ቤት ያስገባዋል?

«በዚች ምን አርደህባታል?» አልሁት።

በዚያ ሰዓት ሳቀ! «ሎሚና ሲባጎ ነው እማማ። በግ የማርድበት ቢላ ቤት አለኝ። ካላመኑኝ እንግዲህ ምን ላድርግ? እሷ እንደሁ እየሄደችብዎ ነው።»

ላሚቱ ዐይኗን ገለበጠች። አንቺ ጩኸትሽ ደክሞ ሲቃ ብቻ ሆኗል። ከእጁ ነጥቄ ወጋኋት።

እንደ ባጃጅ ጎማ ተነፈሰች። አረፋና ሽታ ፊቴን ሞላኝ። ስለቱን ብነቅለው ቀዳዳው ይዘጋል ብዬ ጠምዝዤ ያዝሁት። እሱ የኔን አጭሯን አንስቶ ሮጠ፤ ከአጥሬ ላይ ቀጭን ሸምበቆ ቆርጦ አመጣ። ቀዳዳው ውስጥ ሰካነው። በሸምበቆው እያፏጨ ወጣ፣ ጎኗም ቀስ እያለ ወረደ።

ግን አልተነሳችም። ቀትር ሆነ፤ አልተነሳችም። አህዮቹ የሰው ማሳ ገብተዋል። «ሂድ፣ ገበያው ያልፍሃል» ስለው «ቆማ ሳላይማ አልሄድም» አለ። እንደገና እኔ ከኋላ፣ እሱ ከፊት ሆነን ስንገፋ ስንጎትት በጉልበቷ ሆነች፣ ከዚያ እየተንቀጠቀጠች ቆመች። ሰንጢውን ሣር ላይ ጠረገ። «በራሴ ሰንጢ ነው ይበሉ እማማ፤ ጣጣ አያምጡ» ብሎኝ አህዮቹን ሊያስወጣ ሄደ።

ማታ ጥቂት ወተት ሰጠችኝ። እንደ እንባ ነው የወረደው። ቁስሏ ያመርቅዝ፣ ትሙት፣ ትኑር፣ አላውቅም። አንቺን እያጠጣሁ ሳለ ጎረቤቴ ከቀብር ስትመለስ ገባች። ቀዳዳውን አይታ መጥታለች። መቀነቴ ላይ ያለችውን ሰንጢ መዘዝ አድርጋ ለካቻት።

«በዚች ጥፍር በምታህል?» አለችኝ።

መዋሸት አቃተኝ። ሁሉንም ነገርኋት። አንቺን ስትጠጪ አየችሽ፣ ወደ በሩም ዞር ብላ ሰው አለመኖሩን አየች።

«አንቺ ሴት» አለችኝ፣ «ነገ ከምታልቢው ወተት ለንስሐ አባትሽ ቤት ቀድመሽ ላኪ። እነሱ ከጠጡት ወዲያ ማን አፍ አለው?»