ክሩ በውሃ ውስጥ የያዘው ቦታ

አርባ ምንጭ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር፣ አንድ ሰሞን ትምህርቱን ልተወው ቆርጬ ነበር። ያቃተኝ ፖሊመር የሚባለው ነገር ነው፤ እልፍ ትንንሽ ሞለኪውሎች ተያይዘው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት። ከሽፈራው ዛፍ ግንድ የሚወጣውን ሙጫ በውሃ እያሟሟሁ እለካለሁ። አንዲት ቁንጥር ሙጫ ብልቃጥ ሙሉ ውሃ ታወፍራለች። ሰንሰለቱ የሚይዘው ቦታ ግን እኔ ካሰላሁት ሁልጊዜ ይበልጣል። መጽሐፉ ምክንያቱን ይናገራል፤ እኔን አይታየኝም።

አንድ ቅዳሜ ትምህርቱን ልተው መሆኑን ለአባቴ ልነግረው ተራራው ላይ ወዳለው መንደራችን ወደ ኦቾሎ ወጣሁ። አባቴ ሸማኔ ነው። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ድር ያዘጋጃል። ከበታቹ ጭጋጉ ሲገለጥና ሲከደን ቡናማው የአባያ ሐይቅ እንደ ሕልም ብቅ ይልና ይጠፋል። ልነግረው የመጣሁትን ትቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። "ለመሆኑ ምንድነው የምትማረው?" ሲለኝ ስለ ሰንሰለቱ ብቻ አወራሁት።

"ክር በለዋ!" አለኝ። "ውሃ ውስጥ ተዘርግቶ ነው የሚተኛው?"

"አይደለም፤ ይጠቀለላል።"

"እንደ ልቃቂት?"

"እንደሱ አይጠብቅም። ላላ ይላል። ከክሩ ይልቅ በመሃሉ ያለው ውሃ ይበዛል።"

አባቴ ቁራጭ ክር አርጥቦ በጣቶቹ ጨበጠና አጠገቡ ካለው ውሃ የሞላ ሳፋ ውስጥ ለቀቀው። ክሩ መጀመሪያ ጭብጥ እንዳለ ቆየ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ተፍታታ፣ እንደ ደመና ሰፋ። ሁለታችንም አጎንብሰን አየነው። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ሰዓቱም ከክሩ ጋር ውሃ ውስጥ የገባ መሰለኝ።

"አየህ፣ ይሄ ጫፍ ወደዚያ እንዳይሄድ ያ እጥፋት ቀድሞት ተቀምጧል" አለ። "ክር በክር ውስጥ አያልፍም። ወደ ውጭ ይገፋል እንጂ።"

ደነገጥኩ። የእኔ ስሌት ሰንሰለቱ ራሱን በራሱ እንዲያልፍ፣ ሁለት ቁራጭ አንድ ቦታ ላይ እንዲቀመጥ ይፈቅድ ነበር። ለካ ቦታው ያነሰብኝ ለዚህ ኖሯል!

"ቀጥ ማለትስ አይችልም?" ሲል ጠየቀኝ።

"ይችላል። ግን ቀጥ የሚልበት መንገድ አንድ ነው፤ የሚጠማዘዝበት ስፍር ቁጥር የለውም።"

"ታዲያ ባይቃና ምን ይፈረድበታል!" ብሎ ሳቀ።

ትምህርቱን ልተወው እንደነበር ያኔ ነገርኩት። አልተቆጣም። "ከደከመህ ነገን እረፍ። ሰኞ ግን ውረድ" አለኝ።

ሰኞ ወረድኩ። ስሌቱን እንደ አዲስ ሠራሁት። ከሳምንታት በኋላ ከልኬቴ ጋር ሲቀራረብ ቤተ ሙከራው ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። በሩን ቆልፌ እስከ ሲቀላ ሰፈር በእግሬ ሄድኩ፤ ከጫኖ መንደር የመጣ ሙዝ ገዝቼ፣ ለብቻዬ ፈገግ እያልኩ፣ መንገድ ለመንገድ በላሁ።