ሰባት ገጽ ሲቀር

ሊወስዱኝ ሲመጡ የዘጠነኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና እያረምኩ ነበር። ፌስቡክ ላይ የጻፍኳት አንዲት አንቀጽ ከእኔ ቀድማ ጣቢያ ደርሳ ኖሯል። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ "ጃኬትህን ያዝ" አለችኝ። እኔ ግን ጃኬቱን ትቼ ቀይ እስክሪብቶዬን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። እስክሪብቶውን ጣቢያ በር ላይ ወሰዱብኝ። የዲላ ሌሊት በክረምት ምን ያህል እንደሚበርድ በደንብ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ክፍሏ በቁመት አምስት፣ በወርድ አራት እርምጃ ናት። ኋላ ብዙ ጊዜ ስለለካኋት አልሳሳትም። እርጥብ ካልሲ፣ ቆጮና በረኪና ትሸታለች። ከጣሪያው ሥር ሳህን የምታህል መስኮት አለች፤ በእሷ በኩል የባጃጅ ጥሩምባ ቀኑን ሙሉ ይገባል። ስምንት ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው አዩኝ። እኔ ዘጠነኛ ሆንኩ።

"ሥራህ ምንድነው?" አሉኝ አንድ ሽማግሌ። እስረኛው ካቦ ብሎ የመረጣቸው የክፍሉ አለቃ ናቸው። ወርቃ አካባቢ ቡና ማጠቢያ ላይ ሲሠሩ የኖሩ፣ እጃቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። የታሰሩት ስብሰባ ላይ ሁለት ጊዜ እጅ አውጥተው ነው። አንዴ ቢሆን ይተዉኝ ነበር ይላሉ።

"መምህር ነኝ።"

"የምን?"

"የእንግሊዝኛ።"

ክፍሉ ተንጫጫ። ከእስረኞቹ አንዱ፣ ባለሱቅ ነው፣ "ሳይደግስ አይጣላም!" ብሎ ከፍራሹ ሥር አንድ መጽሐፍ አወጣ። ሽፋን የለውም። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች ሲጃራ ጠቅልለውባቸዋል። ድሮ የተጻፈ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ነው፤ አርእስቱን ዛሬም አላውቀውም። ከመሀላቸው ፊደሉን መቁጠር የሚችል ባጃጅ ነጂ ቢኖርም፣ አንዱን መስመር ሲጨርስ ምሳ ይደርሳል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ጮክ ብዬ እያነበብኩ ወደ አማርኛ እመልስላቸው ጀመር። ታሪኩ በባሕር ጠረፍ ስለምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ነው። የባሏ ወንድሞች ከቤቷ ሊያስወጧት ይፈልጋሉ፤ እሷ አልወጣም ትላለች። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ተቀምጠውበት ከነበረው ጀሪካን ወርደው አጠገቤ መጡ። የሟች ወንድማቸው ሚስት በባሏ ማሳ ላይ ትኖራለች፤ ዘመዶች ደግሞ ማሳውን ይፈልጉታል። በመሀል ቆመው "አይሆንም" የሚሉት እርሳቸው ብቻ ነበሩ። አሁን እርሳቸው እዚህ ናቸው።

"መምህር፣ ሴትዮዋ ቤቱን ለቀቀ?" ይሉኛል በየማለዳው። የእናታቸው ቋንቋ ጌዴኦኛ ስለሆነ አማርኛው ላይ ወንድና ሴት ይቀላቅላሉ፤ እኔም እንግሊዝኛው ላይ ከዚህ የባሰ ስለምሠራ አላርምም።

የባሰው ምን መሰላችሁ? መጽሐፉ ከበደኝ። በየገጹ አይቻቸው የማላውቃቸው ቃላት ተሰልፈው ይጠብቁኛል። አላውቅም እንዳልል መምህር ነኝ። ስለዚህ ዓይኔን በጨው አጥቤ ያልገባኝን እዘላለሁ፣ መዝለል ሲያቅተኝ እፈጥራለሁ። አንድ ቀን ስለ አንድ ዳኛ ሲያወራ "ማግናኒመስ" የሚል ቃል መጣ። "ሀብታም ማለት ነው" አልኩና አለፍኩ።

ባጃጅ ነጂው ቃሉ ጣፍጦት ኖሮ ምሳ ይዛለት ለመጣችው እህቱ በአጥር በኩል ነገራት። እሷም በስልኳ አይታ በማግስቱ መልሱን ከሽሮው ጋር ይዛ መጣች። ሀብታም ማለት አይደለም። ሆደ ሰፊ፣ መበቀል እየቻለ የሚተው ማለት ነው።

ባለሱቁ አልማረኝም። "ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል" አለና አፍታ ቆይቶ "ከመጠምጠም መማር ይቅደም" ሲል ጨመረበት። ሁሉም ሳቀ። እኔ ፊቴ ጋለ፤ በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ሽማግሌው ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው "እኛ ቡናውን አልጋ ላይ ስናሰጣ" አሉ፣ ማድረቂያውን መደብ ማለታቸው ነው፣ "ሴቶቹ ግራና ቀኝ ቆመው ይለቅማሉ። መጥፎውን ይጥላል። የተጠራጠረውን ግን አይጥልም፣ መሀልም አይደብቅም። ጠርዝ ላይ ለብቻ ያኖራል፣ የሚያውቅ ሰው መጥቶ ያየዋል። መጠራጠር ነውር አይደለም፣ መምህር። መሀል መደበቅ ነው ነውሩ።"

እንዲህ ሆኖ አዲስ ሥርዓት ወጣ። የማላውቀው ቃል ሲመጣ ቆሜ "ጠርዝ" እላለሁ። ወረቀትም እስክሪብቶም ስለሌለን አንድ ሰው ቃሉን በአፉ ይይዘዋል፤ እስከ ምሳ ሰዓት እያጉተመተመ ይዞ ስንቅ ለሚያመጣለት ሰው ይነግራል። በማግስቱ ትርጉሙ ይገባል። ቃሉም ከዚያ ወዲያ የያዘው ሰው ሀብት ነው። "ማግናኒመስ"ን ባጃጅ ነጂው ሥርዓቱን ላወጡት ሽማግሌ ሰጣቸው። ባለሱቁ አራት ቃላት ነበሩት፤ አንዱን በሁለት ሙዝ ሊለውጥ ሲደራደር ሰምቼዋለሁ።

ሁለት ሳምንት አልሞላንም፣ የጣቢያው ሳጅን ወረቀት ይዞ ገባ። በር ጠባቂዎቹ እስረኞች ለቤተሰብ የሚናገሯቸውን እንግዳ ቃላት ሰምተው ኖሮ እንደመሰላቸው ጽፈው ሰጥተውታል።

"እነዚህ የማን ስሞች ናቸው? ምስጢራዊ ቃል ነው እንዴ የምትለዋወጡት?"

መጽሐፉ ሊወሰድ እንደሆነ ሁላችንም ገባን። ሽማግሌው በዝግታ ተነሡ። "አንዱ የኔ ነው" አሉ። "ማግናኒመስ። ሆደ ሰፊ ማለት ነው። መምታት እየቻለ የሚተው።" ይህን ብለው ሳጅኑን አዩት።

ባጃጅ ነጂውም ተነሥቶ የራሱን ተናገረ። ባለሱቁ አራቱንም ዘረዘረ። ሳጅኑ ማታ ማታ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ሰው ነው፤ ሳቁን ሊይዝ ሲታገል አየሁት። ወረቀቱን አጠፈና ወደ እኔ ዞረ።

"መጽሐፉን በአንተ ስም መዝግቤዋለሁ። አንተ ስትወጣ አብሮህ ይወጣል። ሌላ ሰው እጅ እንዳላየው።"

ያኔ ደስታ እንጂ ሌላ ነገር አልታየኝም።

የተፈታሁት አንድ ሐሙስ ጠዋት ነው። ሴትዮዋ ፍርድ ቤት ቆማለች፣ ዳኛው ሊናገር ነው፣ ሰባት ገጽ ቀርቶናል። በሩ ተከፈተ። "መምህሩ፣ ዕቃህን ይዘህ ውጣ። ተፈተሃል።"

ክፍሉ አጨበጨበልኝ። ባለሱቁ አቀፈኝ። ሽማግሌውም ጨበጡኝ፤ አንድም ነገር አልጠየቁኝም። ዓይናቸው ግን መጽሐፉ ላይ ነበር። ባለቤቴ በር ላይ እንደምትጠብቀኝ አውቃለሁ። ድምፅዋን የሰማሁም መስሎኛል፤ ልቤ ወደ ውጭ ሮጦ እግሬ ብቻ ነበር የቀረው።

"ሳጅን፣ ሰባት ገጽ ቀርቶኛል" አልኩት።

"ቤትህ ጨርሰው።"

"እነሱ ቤቴ የሉም።"

አየኝ። "ሰው ከዚህ ሮጦ ነው የሚወጣው።"

"እኔ ትንሽ ቆይቼ እሮጣለሁ።"

በሩን ክፍት አድርጎት መቃኑን ተደግፎ ቆመ። እኔም ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥኩና አነበብኩ። በዚያ ክፍል ውስጥ ያለ ፍርሃት የተቀመጥኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ በሩ ተከፍቶ በፈቃዴ ነበርና። ዳኛው ቤቱ የሴትዮዋ ነው ብሎ ፈረደ። ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው "አልለቀቀም" አሉ፣ ለራሳቸው። "አልለቀቀም።"

የመጨረሻው መስመር ላይ፣ ሴትዮዋ ያንን ቀን ስታስታውስ፣ አንድ ቃል ቀረ። "ኢንዴሊብል።" ከዐውዱ መገመት እችል ነበር፤ ለተማሪዎቼ የማስተምረውም እሱኑ ነው። ሳጅኑም ቆሞ እየሰማ ነው። ቀና ብዬ "ይህን አላውቀውም። ጠርዝ" አልኩ።

"እኔ እይዘዋለሁ" አሉ ሽማግሌው። "አንተ ሂድ፣ ሚስትህ ይጠብቃል።"

ባለቤቴ ለምን አንድ ሰዓት ሙሉ በር ላይ እንዳቆየኋት ስነግራት መጀመሪያ ተቆጣች። ከዚያ ጃኬቱን አለበሰችኝ። ከዚያ ማን አሸነፈ ብላ ጠየቀችኝ።

ዛሬም እዚያው ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ተማሪ የማላውቀውን ቃል ሲጠይቀኝ ሰሌዳው ጠርዝ ላይ ለብቻ እጽፈዋለሁ፤ አንዳንድ ቀን ጠርዙ ይሞላል። አዲስ የመጡ ተማሪዎች መምህሩ አያውቅም ብለው ይንሾካሾካሉ። ደስ ይለኛል።

"ኢንዴሊብል"ን ግን አልፈለግኩትም። መዝገበ ቃላቱ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፣ ስልኬም ኪሴ ውስጥ። ቃሉ የሽማግሌው ነው።

አራት ወር ያህል ቆይቶ ክፍል ውስጥ ሳለሁ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። ልማዴ ባይሆንም አነሣሁት። ከጀርባ የገበያ ጫጫታና የጭነት መኪና ድምፅ ይሰማል፤ የሚናገሩት ግን ሽማግሌው ናቸው።

"መምህር? ጪጩ ገበያ ላይ ነኝ። ለቀቁኝ።"

ስለ ደህንነታቸው ልጠይቅ ስል አቋረጡኝ።

"ቃልህን ይዣለሁ። የወንድሜ ልጅ አየልኝ። የሙዝ ውሃ ልብስህን ነክቶ ያውቃል?"

"ያውቃል፣ አባባ።"

"እሱ ነው። ብታጥበው፣ ብታጥበው፣ አይለቅም ማለት ነው።" ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጨመሩ። "የወንድሜ ሚስትም ማሳው ላይ ነው። እሱም አልለቀቀም።"

ተማሪዎቼ እያዩኝ ወደ ሰሌዳው ዞርኩና ቃሉን ጻፍኩት። ጠርዝ ላይ ሳይሆን መሀል ላይ።