ቅቤ የሸተተው የጾም ኬክ

አንድ ሰው አፍንጫውን ቀሰር አድርጎ «ይኼ ነገር ቅቤ ቅቤ ይላል» ሲል ከሰማሁ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ቅቤ ምንም አላደረገኝም፤ እንዲያውም እወደዋለሁ። የምጠላው በአፍንጫው ብቻ ሰው ላይ የሚፈርደውን ነው።

ነገሩ የሆነው በሰማንያዎቹ ማብቂያ ላይ፣ አርባ ምንጭ ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ሄጄ አጭር የምግብ ዝግጅት ሥልጠና ወስጄ ተመልሼ ነበር፤ በታችኛው ከተማ በሲቀላ፣ ገበያው አጠገብ ያለ አንድ ኬክ ቤት ቀጠረኝ። ሥራውን እወደው ነበር፤ የሚያበግነኝ የጾም ጊዜ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ባለቤቱ «በጾም ኬክ ማን ይበላል?» ይልና ቤቱን ዘግቶ እኛን ወደየቤታችን ይሰደናል። እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ ከሌለ ጣፋጭ የለም ያለው ማነው? የጾመ ሰው ምላስ የለውም?

ደግሞ እኮ ዳቦ ቆሎ አለን። ዱቄት በዘይት፣ በስኳርና በጨው ይታሻል፤ በመዳፍ እየተድቦለቦለ እንደ ገመድ ይረዝማል፤ በቢላ ይከታተፍና ይቆላል። ከእንስሳ የተገኘ ነገር ቅንጣት አይነካውም። ከየትኛውም የሱቅ ብስኩት ይበልጣል፤ እኛ ግን ለመንገደኛ በከረጢት ከመቋጠር ያለፈ ክብር ሰጥተነው አናውቅም። ሥልጠናው ላይ ታርት የሚሉት ኬክ አስተምረውን ነበር። ታቹ እንደ ብስኩት ደረቅ ያለ ነው፤ ከላዩ ፍራፍሬ ይሞላበታል። አስተማሪው የታችኛውን ክፍል ያለ ቅቤ መሥራት አይቻልም ብሎ ነበር። እኔም በልቤ ይቻላል፣ እናቴ የምትቆላውን ዳቦ ቆሎ አላየህም እንጂ፣ አልኩት። ጮክ ብዬ አለመናገሬ ዛሬም ይቆጨኛል።

እናቴ የጨንቻ ደጋ ሰው ናት። አባቴ ከሞተ ወዲህ በላይኛው ከተማ በሴቻ፣ ከአንድ ሆቴል ጀርባ ባለች ቤት ሁለታችን ብቻ ነበርን። አማርኛ የተማረችው ገበያ ውስጥ ነው፤ ሸጣ የምትገዛበት ያህል ትችላለች፤ ከዚያ አልፋ ብትናገር ሰው ይስቅብኛል ብላ ትፈራለች። ከእኔ ጋር የምታወራው በጋሞኛ ነው። ስትመርቀኝም ስትቆጣኝም በጋሞኛ ነው። አማርኛ ለእኛ ከደጃፍ ውጭ ያለ ነገር ነበር።

ሰፈራችን ውስጥ በየወሩ በሃያ አንድ የሚሰበሰብ የሴቶች የማርያም ማኅበር ነበር። አባላቱ የመንግሥት ሠራተኞችና የነጋዴዎች ሚስቶች ናቸው። እናቴ ለመግባት ዓመታት ጠየቀች፤ «ቦታ ሞልቷል» ይሏታል። ቦታው ያልሞላባቸው ሌሎች ከእሷ ኋላ መጥተው ሲገቡ ታያለች፤ ግን አታጉረመርምም። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት ከአማርኛ ሁሉ አስቀድማ የተማረችው ይመስለኛል። በመጨረሻ አንዲት አባል ባሏ ሌላ አገር ተዛውሮ ስትሄድ ተቀበሏት። ከገባችም በኋላ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች፤ ሲስቁ ፈገግ ትላለች፤ ሲነሱ ትነሳለች። ማኅበሩን የሚያስተናግዱት በየተራ ነው፤ የእሷ የመጀመሪያ ተራ ሁዳዴ ላይ ዋለ። ተራዋን ያበላሸች ሴት ምን እንደሚደርስባት ታውቅ ነበር። ከዚያ በፊት ድግሷ ያላማራቸውን አንዲትን ሴት ተይ ሳይሏት፣ ውጪ ሳይሏት፣ ጽዋው ሲዞር እሷን እያሳለፉ አስቀርተዋታል።

ስለዚህ እናቴ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣች። ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ጠላውን አሰናዳች። እኔ ደግሞ ታርት ልሥራ አልኳት። ታርት ምን እንደሆነ አስረዳኋት፤ ዳቦ ቆሎሽን ወቅጬ ነው ስላት ሳቀች። ድካሜን ልታበላሺው ነው አለችኝ፤ ግን ፈቀደች።

እናቴ ኮረሪማ የማታስገባበት ነገር የለም፤ ዳቦ ቆሎዋም ውስጥ አለ። ኮረሪማ እኮ የኛው አገር ቅመም ነው፤ በኛው ጫካ ይበቅላል። ዳቦ ቆሎውን በሙቀጫ አደቀቅኩት፤ ሌላ ኮረሪማ ፈልፍዬ ጨመርኩበት፤ በዘይትና በፈላ ስኳር አሽቼ የብረት ድስት ውስጥ በመዳፌ ጠቀጠቅኩት። ቤታችን ምድጃ ስላልነበረን እንደ ዳቦ ከታች ፍም፣ ክዳኑ ላይ ፍም አድርጌ ጋገርኩት። ከከተማው አጠገብ ከጫኖ የመጣ ማንጎና ሙዝ በስኳርና በሎሚ አፍልቼ፣ ወፈር ሲል ከላዩ ገለበጥኩበት። የማንጎው ቢጫ ቀስ እያለ ወደ ታች ሰረገ። ቤቱን ሽታው ሞላው።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ማንም አልቀመሰውም። በሁዳዴ ቅዳሴ ሳይወጣ እህል አፍ አይገባም፤ የሚያበስል ሰው ጨውን እንኳ የሚገምተው በአፍንጫው ነው። እኔም አልቀመስኩም፣ እናቴም አልቀመሰችም። አጠገቤ ቆማ አሸተተችና በጋሞኛ «ጥሩ ነው» አለችኝ። ያ ለእኔ በቂ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከቅዳሴ መልስ ማኅበርተኞቹ መጡ። የማኅበሩ ቄስ፣ አባ፣ ጸሎት አድርሰው ማዕዱን ባረኩ፤ ተበላ፤ ተጠጣ። ሽሮው ተመሰገነ። የእናቴ ፊት ትንሽ ፈታ ሲል አየሁ። ያኔ ነው ታርቱን ፍሙ ላይ ሞቅ አድርጌ ይዤ የገባሁት።

የማኅበሩ መሪ ከአባ ቀጥላ የተቀመጠች፣ ባሏ ቢሮ ያለው ሴትዮ ናት። ያኔ አንቱ እላት ነበር፤ ዛሬ ግን እጄ አንቱ ብሎ አይጽፍላትም። እጇን ዘርግታ ልትቀበለኝ ስትል አፍንጫዋ ደረሰበት። እጇን ሰበሰበች።

«ይኼ ነገር ቅቤ ቅቤ ይላል» አለች።

አጠገቧ ያለችው ጎንበስ ብላ አየችና እውነትም ቀለሙ እርድ የገባበት ንጥር ቅቤ ነው አለች። ሦስተኛዋ ደግሞ ከሩቅ ሆና ሽታው እኔም ጋ ደርሷል አለች። የሸተታቸው ኮረሪማ ነው፣ ቢጫውም የማንጎ ነው አልኩ። መሪዋ ኮረሪማን የማውቀው ቅቤ ውስጥ ነው፣ ዳቦ ቆሎ ውስጥ ምን ሊሠራ ይገባል ብላ ተከራከረችኝ። ዕድሜዋን ሙሉ ኮረሪማን ያለ ቅቤ አሽታ ስለማታውቅ፣ እኛ በጾም ቅቤ በላን! ኮረሪማ በሚበቅልበት አገር ተቀምጣ!

በዚህ ብትበቃ ኖሮ ምናልባት እረሳው ነበር። እሷ ግን ወደ እናቴ ዞራ፣ ድምፅዋን አለስልሳ፣ ያዘነች መስላ እንዲህ አለች፦ «አይዞሽ። እናንተ ደጋ ሰዎች ቅቤ ሳትቀቡ አትውሉም፤ ጾም ቀስ ብሎ ነው የሚለመድ።»

ቀስ ብሎ የሚለመድ! እናቴ ክርስትና የተነሳችበት ደጋ ላይ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ማን እንደተከለው የአገሩ ሽማግሌዎች አያውቁም፤ አባቶቻቸውም አያውቁም፤ ያን ያህል የቆየ ነው። እናቴ ጾም የለመደችው ጥርስ ሳታበቅል ነው። ይኼን ሁሉ ልናገር አፌን ስከፍት እናቴ በዓይኗ ያዘችኝ። ወደ አባ ዞርኩ። እሳቸው ቀምሰው «ጾም ነው» ቢሉ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ሁሉም እሳቸውን ያያል።

አባ ትሪውን ትንሽ አዩትና «እኔ እንኳ ጣፋጭ አልወድም» አሉ። ሻያቸውን ስኳሩ ከሥር እስኪዘቅጥ የሚያጣፍጡት አባ!

እናቴ በእጇ ይዛው የነበረውን የጠላ ማንቆርቆሪያ መሬት አስቀመጠች። ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ አፏን ከፍታ የማታውቅበት ማኅበር መሃል፣ በአማርኛ ጠየቀችኝ።

«ልጄ፣ ቅቤ ጨመርክበት?»

ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። ሴት ልጇን እንደ ወንድ በመጥራቷ ነው የሳቁት። ፊቴ ጋለ። ግን የአማርኛዋ ነገር አልነበረም ያንገበገበኝ። መጠየቋ ነው! አጠገቤ ቆማ ስሠራ አይታ፣ ዘይቱን ራሷ አቀብላኝ፣ ራሷ አሽትታ ጥሩ ነው ብላኝ፣ ሰው ሲያማኝ እሷም ተደርባ መጠየቋ ነው።

«አልጨመርኩም» አልኩ።

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ቢላ አነሳች፤ ቆረሰች፤ አማተበች፤ እዚያው እንደቆመች በላች። ቀስ ብላ አኝካ ዋጠች። ከዚያ ትሪውን ይዛ መዞር ጀመረች። መጀመሪያ አንዲት አሮጊት ወሰዱ፤ ከዚያ ሌላዋ፤ ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ ያደረገችውም። የበሉት ጨመሩ። መሪዋ ግን ድርሻዋን ተቀብላ አልበላችም፤ በመሐረብ ጠቀለለችና «ለልጆች ይሆናል» አለች። እስቲ ፍረዱ! ቅቤ ካለበት ለምን አልተወችውም? ጾም ከሆነ ለምን አልበላችውም? ስማችንን እዚያው ጥላ ኬካችንን ወደ ቤቷ ይዛ ሄደች።

ጽዋው እናቴን አላለፋትም፤ ከማኅበሩም አላስወጧትም። ይቅርታ ያለ ግን የለም። ለወሬው «ቅቤ ይሁን ኮረሪማ እግዜር ይወቀው» የሚል ማሰሪያ አበጁለትና ሲቀላ ድረስ አወረዱት። አንድ ሁለቴ ገበያ ላይ ኮረሪማ ስገዛ ቅመም ሻጯ ፈገግ ብላ አየችኝ።

አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ይባላል። የተሰደበችው እናቴ ናት፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ያለቀስኩት ግን ከብስጭት ነው፤ ከዚያች ሴትዮ ይልቅ ደግሞ በእናቴ ተበሳጭቼ ነበር። ባዕድ ሰው ቢጠረጥረኝ ባዕድ ነው። እናቴ ምን ሆና ነው? ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሚያስፈልግ ነገር ካልሆነ አላናግራትም ነበር። ሂጂ ብላ ስትልከኝ እሄዳለሁ፤ ስትጠይቀኝ እመልሳለሁ፤ ወሬ ግን አልጀምርላትም። እሷም እንደ ልማዷ ዝም አለች። ዝምታዋ ደግሞ የባሰ አቃጠለኝ። ጥፋቷን ታውቀዋለች ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ።

ሁዳዴ እንዲህ አለቀ። የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ፣ ጓሮ ተቀምጣ ለዶሮው ቅቤ ታነጥር ነበር። ቅቤው ሲንተከተክ አረፋውን በማንኪያ ትገፋለች። እኔ አጠገቧ ኮረሪማ ፈልፍዬ እወቅጣለሁ። ገና ፍሬው ሲደቅቅ ያ ሽታ ተነሳ፤ እኔም ያን ሁሉ ጊዜ የዋጥኩትን መዋጥ አቃተኝ።

ይኼው፣ አልኳት፣ ይኼው ነው የሸተታቸው። ቅቤውም ውስጥ ሳይገባ ይኼው ይሸታል። እነሱስ አላወቁም እንበል፤ አንቺ ግን ታውቂው ነበር። እያወቅሽ ለምን ተጠራጠርሽኝ? ለምን በሰው ፊት እንደ ሌባ ጠየቅሽኝ? እንባዬ መጣ፤ አላበስኩትም፤ እንድታየው ፈልጌ ነበር።

እናቴ ማንኪያዋን ድስቱ አፍ ላይ አስደገፈች። ቀና ብላ አየችኝ። ቁጣ አልነበረባትም፤ የገረማት ትመስል ነበር።

«በየትኛው ቋንቋ ነበር የጠየቅኩሽ?» አለችኝ በጋሞኛ።

«በአማርኛ።»

«እኔና አንቺ በአማርኛ ምን ተነጋግረን እናውቃለን?» አለች። «ተጠራጥሬሽ ቢሆን በኛው ቋንቋ ነበር የምጠይቅሽ፤ ማንም አይሰማንም ነበር። መልሱን እኔማ አውቀዋለሁ። እነሱ እንዲሰሙሽ ነው። የማውቃት አማርኛ ያቺው ነበረች።»

የሳቁት ሁለት ሴቶች ትዝ አሉኝ። ያቺን አንድ ጥያቄ በልቧ ስትፈልጋት፣ ቃል በቃል ስትገጣጥማት፣ እንደሚስቁባት እያወቀች ስታወጣት፣ እኔ ፊቴን አዙሬባት ነበር። በመሪዋ ላይ ያለኝ ንዴት ዛሬም አልበረደም፤ እንዲበርድም አልፈልግም። በእናቴ ላይ የነበረኝን ግን የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ።

እናቴ ማንኪያዋን አነሳች። ቅቤው ሊያርር ነው፣ ኮረሪማውን ጨምሪ አለችኝ። ጨመርኩ።