እንግዳ የሚቀድምበት ዋይፋይ

ሰቆጣ ያለው ቤቴ በገበያ ቀን መናኸሪያ ነው። ከጋዝጊብላ በእግሩ የመጣ ዘመድ ሁሉ ሸክሙን ከአጥሬ ሥር ያወርድና እግሩን ዘርግቶ ያርፋል። ድሮ ሲገባ «እንዴት ከረማችሁ» ይል ነበር፤ አሁን «ዋይፋይ አለ?» ነው የሚለው። እኔም አለ እላለሁ። ያለኝን የለም ብዬ አላውቅም።

ራውተሩን ያስገባችው አስተማሪዋ ልጄ ናት። እያስተማረች በኢንተርኔት ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። እኔ ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ስሜን እጽፋለሁ፣ ቁጥር እለያለሁ፣ ይሄንንም ቀስ እያልሁ ነው የምጽፈው።

አንድ ቀን ከሰዓት ኮምፒውተሯን ከፍታ ስትነካካ ደረስሁ።

«ምን ትሠሪያለሽ?»

«የራውተሩን ሴቲንግ እያስተካከልሁ ነው፣ አባዬ። ለእንግዶች ለብቻው ኔትወርክ ከፈትሁላቸው፤ ፓስወርዱም የራሱ ነው። ለእነሱ ጥቂት ይደርሳቸዋል፣ ብዙው ለቤት ይቀራል።»

«ለእንግዳ ጥቂት?»

«የመመረቂያ ጽሑፌን የማቀርበው በገበያ ቀን ነው። መምህሮቼ ከሩቅ ሆነው በቪዲዮ ነው የሚሰሙኝ። ከተቋረጠ ለከርሞ ይተላለፍብኛል። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው እኮ።»

«ሰው ሁሉ የራሱ ጉዳይ። በዚህ ቤት እንግዳ ሳይቀምስ የቤት ሰው ጎርሶ አያውቅም። ገልብጪው።»

«አባዬ፣ ይሄ እንጀራ አይደለም።»

«ምንም ይሁን። እኛ በትራፊ አይደል ያደግነው? አንቺም ይበቃሻል።»

ከንፈሯን ነክሳ ገለበጠችው። ትልቁ ቁጥር ወደ እንግዳው፣ ትንሹ ወደ እኛ ሲሄድ በዓይኔ አየሁ።

ገበያው ደረሰ። ግቢው ሞላ። ፓስወርዱን የማድለው እኔው ነኝ፤ በቃሌ ይዤዋለሁ። አንዱ ኳስ ያያል፣ አንዱ ዘፈን ይከፍታል፣ አንዷ አዲስ አበባ ካለ ልጇ ጋር ፊት ለፊት ታወራለች። ልጄ ኮቷን ለብሳ በሯን ዘጋች። ትንሽ ቆይቶ ከውስጥ «ይሰማል? ይሰማል?» ማለት አበዛች። ከዚያ ብቅ አለች፣ ፊቷ አመድ መስሎ።

«ምስሌ ቆመ አሉኝ። ትንሽ እንጠብቅሻለን ብለዋል። አባዬ፣ ልገልብጠው?»

«እንግዳ ተቀምጦ? አይሆንም።»

አልሁ እንጂ ዓመት ሙሉ የለፋችበትን አውቃለሁ። ግን የሰጡትን ከእንግዳ እጅ መቀማት አይሆንልኝም።

ታላቅ እህቴ ከጋዝጊብላ መጥታ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። «ምንድን ነው የምትሟገቱት?» አለች። ልጄ ነገረቻት። እህቴ በሳቅ ፈረሰች።

«አንተ ደረቅ፣ ሴት ልጅ በአባቷ ቤት እንግዳ አይደለችም እንዴ? የእኛን ለእሷ ስጣት። እኛ የቤት ሰው እንሁን፣ የቤት ሰው ደግሞ ይታገሣል።» ወደ ሰዉ ዞረች። «ስልካችሁን አጥፉ። የዛሬዋ እንግዳ እሷ ናት።»

«እትዬ፣ ኳሱ ሊያልቅ ነው» አለ አንዱ።

«ማን እንዳገባ ነገ ይነግሩሃል።»

አጠፉ። ይሄ ገባኝ፤ ከእንግዳ አልቀማሁም፣ እንግዳ ጨመርሁ። ልጄም ራሷ ያወጣችውን ፓስወርድ እንደ ማንኛውም እንግዳ ከአፌ ተቀብላ ገባች።

ድምፅዋ ሳይቆራረጥ መስኮቱን አልፎ ይሰማን ጀመር። በቤታቸው የእኛን ቋንቋ ኽምጣንጋን የሚናገሩ ሕፃናት አማርኛ ማንበብ እንዴት እንደሚከብዳቸው ነበር ነገሩ። በመሐል በኽምጣንጋ አንድ ልጅ የተናገረውን ስትጠቅስ ግቢው በሙሉ አፉን በእጁ ይዞ ሳቀ። መምህሮቹ ግን ምን ይግባቸው።

በሩ ሲከፈት ማንም አልጠየቃትም። ጥርሷ ነገረን። እህቴ እልል አለች፣ ሰዉም ስልኩን መልሶ አበራ።

ሴቲንጉ ዛሬም እንደተገለበጠ ነው፤ እኔ በሕይወት እያለሁ አይነካም። ልጄ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከእንግዳው ኔትወርክ አልወጣችም። አይቻለሁ፣ ዝም ብያለሁ።