ወረንጦ ያላችሁ ሁሉ ኑ፤ ማስታወቂያ ይዤ ከእስቴ እስከ ስማዳ

ከደብረ ታቦር የወጣሁት ሰኞ ማለዳ ነው። ጉዳዬ ሁለት ነበር። የመጀመሪያው የትምህርት ነው። የኮሙኒኬሽን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ መምህራችን የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ በአካባቢያችን ያሉ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሰዎችን እንዴት እንደሚያገኝ ሄደን እንድናይና እንድንጽፍ አዞናል። ሁለተኛው የእህቴ የአበባ ጉዳይ ነው። አበባ በስማዳ፣ በወገዳ ከተማ ነርስ ናት። በዚያ ሳምንት ቅዳሜ የዓይን ሐኪሞች ቡድን ወደ ወገዳ ሊመጣ ነበር። ትራኮማ ከርሞባቸው የዓይናቸው ጸጉር ወደ ውስጥ የታጠፈባቸውንና ብሌናቸውን የሚወጋቸውን ሰዎች በነፃ ቀዶ ሊያክም ነው።

«ባለፈው ጊዜ በድምፅ ማጉያ አስነግረን የመጣው ሰው ጥቂት ነው» አለችኝ በስልክ። «አሁንም ሰው ከጠፋ ቡድኑ ወደ ሌላ ወረዳ ያልፋል። ያልታከመው ደግሞ ቀስ በቀስ ይታወራል። አንች የምትማሪው ይህንኑ አይደል? በይ በሬዲዮ አስነግሪልኝ።»

እሺ አልኳት። አንድ ገጽ መግለጫ ጻፍኩ፤ ሦስት ጊዜ አረምኩት፤ አሳትሜም በፖስታ አሸግኩት። በመግለጫው ኮርቼበት ነበር ማለት እችላለሁ።

መካነ ኢየሱስ

ወደ እስቴ የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ ብዙ ጠበቅን። ከሞላ በኋላም ሰው መጨመሩ አልቀረም። ወቅቱ የመውቂያ ነበርና በመንገዱ ግራና ቀኝ በየውድማው በሬዎች ይዞራሉ፤ ንፋሱ የገብሱን ገለባ እስከ መስኮታችን ያመጣዋል። መካነ ኢየሱስ ስደርስ ሽሮ በላሁና በቀጥታ ወደ ወይዘሮ ሂሩት ቢሮ ሄድኩ። ወይዘሮ ሂሩት ለቴሌቪዥን ዜናና ምስል የሚልኩ የኮሙኒኬሽን ባለሙያ ናቸው። ካሜራቸው ከወንበራቸው ላይ ተሰቅሏል፤ ጫማቸው ላይ የመስክ ጭቃ ደርቆበታል።

ፖስታውን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። አነበቡትና ሳቅ አሉ።

«ጽሑፍሽ ጥሩ ነው። ግን ቴሌቪዥን ወረቀት አይቀርጽም፤ የሚታይ ነገር ይፈልጋል። ሕክምናው ሲካሄድ ሰው አስፈቅደሽ ምስል ላኪልኝ፣ አጭር ይሁን፣ ስልክሽን አግድመሽ ያዥ። እኔ አስተካክዬ እልከዋለሁ።»

«ከቅዳሜ በፊትስ ማስታወቂያውን ማስነገር አይቻልም?»

«እስኪ ንገሪኝ፣ የምትፈልጊው ሰው ቤት ቴሌቪዥን አለ?»

«አብዛኛው ቤት የለም» አልኩ። እሳቸውም አላሳፈሩኝም፤ ስልካቸውን አንስተው ንፋስ መውጫ በሚገኝ አንድ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ለሚሠራ መላኩ ለሚባል አዘጋጅ ደወሉ። «አንድ ጎበዝ ልጅ ልልክብህ ነው» አሉት። ጋዜጠኛ ማግኘት ከባድ ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካ ሁሉም ይተዋወቃል፤ አንዱን በትሕትና ያገኘ ሰው ሌላውንም ያገኛል።

የጋሳይ መንገድ

ወደ ደብረ ታቦር ተመልሼ ረቡዕ ጠዋት ወደ ንፋስ መውጫ ተሳፈርኩ። የጉና ብርድ እስከ አጥንት ይሰማል። ከጎኔ የተቀመጡት እማማ ጥሩዬ የሚባሉ የስማዳ ሴት ናቸው፤ ልጃቸውን ጠይቀው ወደ አገራቸው እየተመለሱ ነው። ጋሳይ ላይ ሾፌሩ ጎማ ሊያስነፋ ሲቆም እማማ ጥሩዬ ከደረታቸው ውስጥ ማተባቸውን ሳቡ። ከመስቀሉ ጎን ትንሽ ወረንጦ ታስሯል።

«ልጄ፣ ዓይንሽ ደህና ያያል? በይ ይችን ጸጉር ንቀይልኝ።»

ወረንጦውን ተቀብዬ ጎንበስ አልኩ። የዓይናቸው ነጩ ክፍል እንደ በርበሬ ቀልቷል።

ከኋላ የተቀመጠ ጎልማሳ «ተማሪዋ፣ ቅንድባቸውን እንዳትጨርሽው!» አለ።

«አንተ ዝም በል፤ ጢም ቢኖርህ ላንተም ትነቅልልህ ነበር» አሉት። ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ።

ጸጉሯን ነቅዬ ሳበቃ «ዓይንዎን ያምዎታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ምን ያመኛል! ጤነኛ ነኝ። ጸጉር ነው እንጂ።»

የቅዳሜውን ሕክምና ነገርኳቸው። «እሱ ለታመመ ነው» አሉና ወረንጦውን ወደ ደረታቸው መለሱት። እኔም ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ሬዲዮው

የንፋስ መውጫው ሬዲዮ ሁለት ክፍል ብቻ ነው። የስቱዲዮው ግድግዳ ድምፅ እንዳያስተጋባ በስፖንጅ ተለብዷል። ስደርስ ጋሽ መላኩ አየር ላይ ነበሩ፤ የጠፉ ከብቶችን ያነብባሉ። ግንባሯ ቦቃ የሆነች ቀይ ጊደር፣ ቀኝ ጆሮዋ የተተለተለ በግ... በዚያ በተረጋጋ ድምፅ ሲነበብ እያንዳንዱ በግ የአገር ጉዳይ ይመስላል። ደጅ ላይ የነበሩ የባጃጅ ሾፌሮች ወሬያቸውን አቋርጠው ያዳምጣሉ።

ከስቱዲዮ ሲወጡ «ይህን ሰዓት ከዜናው በላይ ይሰሙታል» አሉኝ። «በግ የጠፋበትም ያልጠፋበትም ይሰማል። ያልጠፋበት እንዲያውም ይብሳል።»

ፖስታዬን ከፍተው ጮክ ብለው አነበቡ። «"ማናቸውም የዓይን ሕመም ያለበት የኅብረተሰብ ክፍል በዕለቱ እንዲገኝ..." እስኪ በይ፣ በሰፈራችሁ የኅብረተሰብ ክፍል የሚባል ሰው አለ?»

«የለም» አልኩ፤ ፊቴ ጋለ።

«አትደንግጭ፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያመጣልን። እኔ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። ይህን ሰምቶ "እኔን ነው የጠራኝ" የሚለው ማን ነው?»

እማማ ጥሩዬ ትዝ አሉኝ። ቀይ ዓይናቸው፣ ጤነኛ ነኝ ማለታቸው፣ ማተባቸው ላይ ያለው ወረንጦ። የዓይን ሕመም ላለበት ብንናገር እሳቸው አይመጡም፤ በእሳቸው ዘንድ ሕመም የለም፣ ጸጉር ነው ያለው።

«ጋሽ መላኩ፣ ወረንጦ ያላቸውን ብንጠራስ?» አልኩ።

ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ድገሚልኝ።»

የመንገዱን ታሪክ ነገርኳቸው። ሳልጨርስ ስልካቸውን አወጡ፤ የመልእክቱ ባለቤት ሳይስማማ ቃል እንደማይቀይሩ ነገሩኝና እህቴ ጋ ደወልን። ሐሳቡን ለአበባ ነገርናት። ከዚያ «ስንቱን ሳክም ወረንጦውን ከአንገቱ ላይ አያለሁ!» አለች። «በሉ እንደዚያው ይነበብ።»

እሳቸው ያነብቡታል ብዬ ስጠብቅ ማዳመጫውን ራሴ ላይ አደረጉልኝ። «የሰማሽው አንች ነሽ፤ አንችው ንገሪያቸው።» ውሃ ጠጣሁና እንዲህ አልኩ፦

«ወረንጦ ከማተባችሁ ጋር ያሰራችሁ፣ የዓይናችሁን ጸጉር የምታስነቅሉ ሁሉ፣ ጤነኛ ነኝ ብላችሁ አትቅሩ። ቅዳሜ ገበያ ስትወጡ ወገዳ ጤና ጣቢያ ለነፃ ሕክምና ጎራ በሉ። ወረንጧችሁንም ይዛችሁ ኑ።»

ጥሪዬ በድምፅ ተቀርጾ እስከ ዓርብ ከከብቶቹ ማስታወቂያ ቀጥሎ ተደጋገመ። ስሰናበታቸው ጋሽ መላኩ አንድ ነገር አደራ አሉኝ። «የሕዝብ ግንኙነት ሰው ሲቸግረው ይመጣል፤ ከተነገረ በኋላ ምን እንደሆነ ግን አይነግረንም። አንች ደውይልኝ።»

ወገዳ

ዓርብ በአይሱዙ ጋቢና ወደ ስማዳ ሄድኩ። መንገዱ ሰውን ከወንበር አንስቶ ጣሪያ ያስመታል። ቆሎ የያዘ ለጎረቤቱ እያካፈለ፣ አቧራውን አብረን እየዋጥን ወገዳ ገባን።

ቅዳሜ ጠዋት የጤና ጣቢያው ግቢ ባዶ ነበር። ሐኪሞቹ ዕቃቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። አበባ ወደ በሩ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። ገበያው ሲሞቅ አንዲት ሴት በር ላይ ቆመው ማተባቸውን ወደ ላይ አነሱና ወረንጦውን ለዘበኛው አሳዩት። «ሬዲዮው ጠርቶኝ ነው» አሉ። ከኋላቸው ሌሎች ነበሩ፤ ከእነሱም ኋላ ሌሎች። ወረንጦውን እንደ መግቢያ ትኬት ይዘውት ይገባሉ። አበባ መዝገቧን አንስታ ስትሮጥ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አልለየሁም።

ሰይድ የሚባል ባለሱቅ እናቱን ደግፎ መጣ። ሁለቱን ቀን ሬዲዮውን ሱቁ በር ላይ አውጥቶ ለገበያተኛ ሁሉ ሲያሰማ እንደከረመ ነገረኝ። ቀጥሎም «በሬዲዮ የተናገርሽው አንች ነሽ?» አለኝ። «እኛ እኮ ማተብ የለንም፤ ወረንጦ ግን አለን።» እናቱ ከሻሻቸው ጫፍ የቋጠሩትን ወረንጦ ፈትተው አሳዩኝ። ይቅርታ ጠየቅሁ። «ግድ የለም፣ ገብቶናል» አሉኝ እየሳቁ።

እማማ ጥሩዬ የመጡት ዘግይተው ነው። ከሰይድ ሱቅ ጨው ሊገዙ ቆመው ሰምተውኛል።

«አንች! ጤነኛ ነኝ ስልሽ ዝም ብለሽ በሬዲዮ ልታሳጭኝ ነው?»

«ስምዎን አልጠራሁም፣ እማማ።»

«ወረንጦዬን ጠራሽው እኮ!»

ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኖ ሲወጡ ወረንጦውን አልጣሉትም። ጸጉሩ እንዳልተመለሰ እስኪያረጋግጡ በማተባቸው እንደሚያቆዩት ነገሩኝ። ጋሽ መላኩ ጋ ደወልኩና ስልኩን ሰጠኋቸው፤ ስለ ሕክምናው ብቻ ሳይሆን ስለ ጨው ዋጋም አወሩ። አስፈቅጄ የቀረጽኩትን አጭር ምስል ደግሞ ለወይዘሮ ሂሩት ላክሁ፤ ስልኬን አግድሜ ነው የቀረጽኩት።

መመለስ

በመኪናው ውስጥ ለመምህሬ የምጽፈውን አሰብኩ። ጣቢያዎቹ ጋ መድረስ የፈራሁትን ያህል አይደለም፤ በራቸው ክፍት ነው፣ ሰዎቹም ለሥራቸው የሚሳሱ ናቸው። ከጣቢያው አልፎ አድማጩ ጋ ለመድረስ ግን አድማጩ ራሱን በምን እንደሚያውቅ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ደብረ ታቦር ስደርስ ያከራዩኝ እትዬ ሙሉ በር ላይ ምስር ይለቅማሉ። ጎንበስ ሲሉ ከነጠላቸው ስር ማተባቸው ወጣ። ዓመቱን ሙሉ ጠዋት ማታ እንደምን አደሩ፣ እንደምን አመሹ ስላቸው ከመስቀሉ ጎን የተንጠለጠለውን አይቼው አላውቅም ነበር።

ቦርሳዬን እንደተሸከምኩ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «እትዬ ሙሉ፣» አልኳቸው፣ «ስለ ወረንጦዎ ልጠይቅዎት።»