የበራው የእኔ ብርጭቆ ነበር

ጎረቤቴ ዘነበች ሰው ፊት ያዋረደችኝ አምና በኅዳር ሚካኤል ማኅበር ላይ ነው። ዛሬም ስሟ ሲነሳ ፊቴ ይከብዳል።

ሁለታችንም ደብረ ብርሃን ውስጥ አረቄ አውጥተን እንሸጣለን። እኔ እንፋሎቱን የማሳልፈው እንደ እናቴ በሸምበቆ ነበር። እሷ የመዳብ ቱቦ አስገጠመች። የዚያን ቀን ጽዋው እየዞረ ሳለ፣ «የሺ አረቄ ታወጣለች ወይስ ዋሽንት ትነፋለች?» አለች። ሁሉም ሳቀ። ከእኔ ብቻ ይገዛ የነበረው ባለ ግሮሰሪም ሳቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ እሷ ዞረ።

አልቀናሁም ብል ማን ያምነኛል? በቱቦዋ ቀናሁ፣ በደንበኛዋ ቀናሁ፣ ዩኒቨርሲቲ በገባችው ልጇ በሕይወትም ቀናሁ። የእኔ ልጅ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈችም።

ከፋሲካ በኋላ እኔም የመዳብ ቱቦ ገዛሁ። ባለ ግሮሰሪው ይህን ሲሰማ የሁለታችሁንም አይቼ እመርጣለሁ አለ።

ሰኔ ላይ ሦስታችንም ዘነበች ቤት ተገናኘን። ሕይወት ለመመረቂያዋ የሠራችውን የአረቄ መመርመሪያ ፈሳሽ ይዛ መጣች። በሁለቱም አረቄ ላይ ጠብ አደረገችና መስኮቱን ዘግታ ሐምራዊ መብራት አበራችበት። የዘነበች ብርጭቆ እንደጨለመ ቀረ። የእኔ እንደ ፍም ቦግ አለ።

የበራው ጥሩው መስሎኝ ደስ አለኝ። «አያችሁ፣ ጥራቱ ራሱ ተናገረ» አልኩ።

ሕይወት አንገቷን ደፋች። «እትዬ የሺ፣ ፈሳሹ የሚያበራው መዳብ ሲያገኝ ነው። ቱቦው እየለቀቀ አረቄው ውስጥ ገብቷል። ሲበዛ ሰው ይጎዳል።»

«የእናትሽ ቱቦስ መዳብ አይደለም?»

«እማዬ ከፋሲካ ጀምሮ ወደ ሸምበቆ ተመልሳለች። እኔ ነኝ የነገርኳት።»

ዘነበች ነጠላዋን ታስተካክል ጀመር፤ ዓይኔን አላየችም። በሸምበቆዬ ሰው ያሳቀችብኝ ሴት በዚያው በሸምበቆ አሸነፈችኝ። ባለ ግሮሰሪው ባዶ ጀሪካኑን ሊያስሞላ እሷ ጓዳ አስገባ።

ልጅቷን አልጠላትም፤ እውነቱን ነው የተናገረችው። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። መዳቡ እንደሚጎዳ ዘነበች ከፋሲካ ጀምራ ታውቃለች። እኔ ገዝቼ ሳስገጥመው በአጥር በኩል አይታ ዝም አለች። እሷ የሚነግራት ልጅ ነበራት፤ እኔ የሚነግረኝ አልነበረም።

ያንን አረቄ ደፋሁት። ሸምበቆዬን ከቆጥ አውርጄ አጠብኩት። የመዳቡን ቱቦ በነጋ ቁጥር እንድታየው በዘነበች መኝታ ቤት መስኮት ትይዩ አጥሩ ላይ ሰቀልኩት። አሁንም እዚያው ነው።