የታቦ ዱላ የረገበ ዕለት

ሥራ የጀመርኩት ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ ከተማ፣ ጀፕ በሚባል ሰፈር፣ አንድ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በጋሽ ጴጥሮስ የጫማና የቦርሳ ጥገና ሱቅ ነው። ሱቅ እላለሁ እንጂ ሁለት ሰው ከተቀመጠ ሦስተኛው በር ላይ የሚቆምበት ጥግ ነበር። ጋሽ ጴጥሮስ የሆሳዕና ሰው ናቸው፤ ወሬ አይወዱም። የመጀመሪያው ቀን ማንገቻው የተበጠሰ የሴት ቦርሳ ጭኔ ላይ ጣል አደረጉና፣ «ማቴዎስ፣ እስቲ እጅህን ልየው» አሉኝ።

ወስፌ አንስቼ ሰፋሁት። ተቀበሉኝ፣ ገለበጡት፣ ስፌቱን በጥፍራቸው ጎተት አደረጉት። «ማን አስተማረህ?» አሉ። «አባቴ» አልኩ። «ምን ነበር ሥራቸው?» ሲሉኝ ግን ወስፌውን መጥረግ ጀመርኩ።

አባቴ ወላይታ ገጠር ቆዳ ሠሪ ነበር። ጥሬ ቆዳ ተልትሎ ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፋል፤ እርጥቡን ጠፍር አልጋና ወንበር ላይ ይወጥራል፤ ሲደርቅ ቀጥ ይላል። ጎረቤቱ ሁሉ እሱ በወጠረው አልጋ ይተኛል፤ ከእሱ ጋር ግን አንድ ገበታ አይቀርብም። ፋቂ ነበር የሚሉን። ይህን ለጋሽ ጴጥሮስ እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው።

«እዚህ ያለው የሚችልና የማይችል ነው» አሉኝ። «በል ና፣ ምሳ እንብላ።» ከአንድ ሳህን በላን።

ይህን የማነሳው በኋላ ላጠፋሁት ጥፋት ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም። ግን ካልነገርኳችሁ «ሰውዬው ለምን አልጠየቀም?» ትላላችሁ።

ስድስት ዓመት ያህል ከሠራሁ በኋላ አንድ ረጅም ነጭ ሰውዬ ሦስት ዱላ ታቅፎ መጣ። የዱላዎቹ ጫፍ ላይ የፕላስቲክ ጠርዝ አለ፤ ጠርዙ ላይ መረብ ታስሯል። ዓሣ ማጥመጃ መሰለኝ። «ጆበርግ ውስጥ ደግሞ የትኛው ሐይቅ ነው?» ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።

ሰውዬው ሚስተር ዳን ይባላል፤ የአንድ ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ላክሮስ ቡድን አሰልጣኝ ነው። ላክሮስ ትንሽ ጠንካራ ኳስ ባለመረብ ዱላ እየያዙና እየወረወሩ ጎል የሚያገቡበት ጨዋታ ነው። ይህን አሁን ስነግራችሁ ቀላል ይመስላል። ያኔ ካስረዳኝ ውስጥ አንዱም አልገባኝም፤ ራሴን እየነቀነቅሁ «የስ፣ የስ» አልኩ እንጂ።

አብዛኞቹ ተጫዋቾች የፋብሪካ ናይለን መረብ ነው የሚይዙት። አምበሉ ታቦና በረኛው ግን የቆዳ ይወዳሉ፤ ቆዳ ላይ ኳሷ ትታዘዛለች ይላሉ። ቆዳ የሚያስርላቸው ሰው ጠፍቶ ነበር። እኔ አሮጌውን ፈታሁ፣ ርዝመቱን ለካሁ፣ ጠፍሩን እንደ ጫማ ማሰሪያ አቅጥኜ ተለተልኩ፣ እርጥቡን ወጠርኩና ኳስ አስቀምጬበት አደረቅሁት። ሲደርቅ ለኳሷ ማረፊያ የሚሆን ኪስ ይዞ ቀረ።

ሚስተር ዳን ሊወስድ ሲመጣ ኳስ ጣል አደረገበት፣ ወዘወዘው፣ እጄን ጨበጠና «ማስተር!» አለኝ። እኔን! የፋቂውን ልጅ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ቃል እንዳይወድቅብኝ እንቁላል እንደያዘ ሰው ነበር የምራመደው።

ሦስት የጨዋታ ዘመን አብሬያቸው ሠራሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሚስተር ዳን በመኪና ይወስደኛል፤ ወስፌዬን፣ መቀሴን፣ ካራዬንና ጥቅል ጠፍሬን ይዤ ከተጠባባቂዎች ጎን እቀመጣለሁ። ጨዋታው ግን፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ እብድ የፈለሰፈው ነበር የሚመስለኝ። አንዱ ሌላውን በዱላ ሲያጣፋው ዳኛው ዝም ይላል። ከዚያ አንዱ ገፋ ያደርግና ፉጨት! ይወጣና እንደተቀጣ ተማሪ ጥግ ላይ አንድ ደቂቃ ይቀመጣል። በአገራችን እንኳ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል፤ በገና ጨዋታ ግን ቢያንስ ማን እንደመታህ ታውቃለህ። እኔ የማጨበጭበው የሌሎቹን እጅ አይቼ ነበር።

አንድ ቀን ሚስተር ዳን የታቦን ዱላ በዓይኑ ልክ አግድም ያዘ፤ ኳስ ከተተበት፤ ከጎን አሻግሮ እያየ ረጅም ነገር አስረዳኝ። «ገባህ ማስተር?» አለኝ። ምንም አልገባኝም። «የስ» አልኩ። ማስተር እንዴት ይጠይቃል? ደግሞ የበረኛውን ዱላ አይቼ ነበር፤ ኪሱ ጥልቅ ነው፣ ሁሉም ያደንቁታል። ታዲያ ጥልቅ ከሆነ ጥሩ ነው ብዬ በራሴ ጭንቅላት ደመደምኩ።

ታቦ ከጆበርግ ወጣ ያለ የቴምቢሳ ሰፈር ልጅ ነው። «ሳውቦና ማሉሜ» ይለኛል፤ ሳውቦና ሰላምታ ነው፣ ማሉሜ አጎቴ እንደማለት ነው። ዱላውን ለሌላ ሰው አይሰጥም። ሊመረቅ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ «ማሉሜ፣ አንድ ጊዜ ዋንጫ ሳላነሳ ብወጣ አይቆጨኝም ብዬ አልዋሽህም» ብሎኝ ነበር። ወደድኩት። የራሴ ልጅ ቢኖረኝ እንደሱ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን ስለ ወቅቱ ልንገራችሁ፤ ነገሩ እዚያ ላይ ነው። የዚህ አገር ክረምት ዝናብ የለውም። ብርድ ብቻ ነው፤ ዝናቡ በሙቀቱ ጊዜ ነው የሚመጣው። ቡድኑ የሚጫወተው በደረቁ ክረምት ስለነበር በሦስት ዓመት ውስጥ የእኔ ጠፍር አንድ ጠብታ አልነካውም። በታቦ የመጨረሻ ዓመት ግን የዩኒቨርሲቲዎቹ ሻምፒዮና በሜዳ ችግር ተገፍቶ ተገፍቶ ዝናቡ የሚጀምርበት ወር ላይ ወደቀ።

ውድድሩ ሦስት ቀን ነው፤ ስድስት ዩኒቨርሲቲ። «የመሣሪያ ኃላፊ» የሚል ካርድ ከነስሜ አንገቴ ላይ አንጠለጠሉልኝ። ፍጻሜው እሑድ ስለነበር ጋሽ ጴጥሮስ፣ «ደግሞ ለዱላ ብለህ ከቤተክርስቲያን ልትቀር?» ብለው ተቆጡኝ። ካርዱን አሳየኋቸው። አነበቡት፣ በመዳፋቸው ጠረግ አደረጉትና፣ «በል ሂድ፣ ዛሬ እኔ እጸልይልሃለሁ» አሉ።

የታቦ እናት ከቴምቢሳ በታክሲ መጥታለች፤ ልጇ ሲጫወት ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ካርዴን ስላየች አጠገቤ፣ ከአጥሩ ወዲያ ማዶ ቆመች። «ይሄ ጎል ነው?» ስትለኝ የሚጨበጭቡትን አየሁና «አዎ» አልኳት። «ይሄኛውስ?» «አይደለም።» እንዴት ያለ አዋቂ ሆንኩ መሰላችሁ!

ከአራቱ ክፍለ ጊዜ ሦስተኛው አልቆ ዘጠኝ ለዘጠኝ ሳሉ ሰማዩ ጠቆረና መብረቅ ጮኸ። እዚህ መብረቅ ከመጣ ጨዋታ ይቆማል። ሁሉም ወደ ሕንጻው ሮጠ። እኔም የበረኛውን ዕቃና መሣሪያዬን አቅፌ ሮጥኩ። የታቦ ዱላ ግን እሱ እኔ ያነሳሁት፣ እኔም እሱ የያዘው መስሎን አግዳሚው ወንበር ላይ ቀረ፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ዶፉ ወረደበት።

ዝናቡ ሲያባራ ዱላውን አንስቼ በፎጣ ጠረግሁት። ጠፍሩ ረግቧል። ይህን ለማወቅ ማሰብ አላስፈለገኝም፤ የጠፍር አልጋ በዝናብ ጊዜ እንደሚረግብ በልጅነቴ ከአባቴ ጋር እየዞርኩ ስወጥር አይቻለሁ። ኪሱ ከጠዋቱ ይልቅ ጠልቋል። ትንሽ ቅር አለኝ። ቢሆንም የበረኛውን ጥልቅ ኪስ አሰብኩና፣ እንዲያውም ሳይሻለው አይቀርም አልኩ።

ታቦ እየሮጠ መጣ። ቆዳውን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገና ፊቴን አየ። «ማሉሜ፣ ደህና ነው?»

የዚያን ጊዜ «አላውቅም፣ ሚስተር ዳንን ጠይቅ» ማለት እችል ነበር። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ካርዴ አንገቴ ላይ ነው፣ እናቱ እያየችኝ ነው። «ሻርፕ!» አልኩት። እዚህ አገር ሻርፕ ካልክ ነገሩ አለቀ፣ ተስተካከለ ማለት ነው። አመነኝና ገባ።

ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ታቦ ሁለት ሰው አልፎ አገባ። አስር ለዘጠኝ! እናቱ እልል አለች። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ የማንንም እጅ ሳላይ አጨበጨብኩ። ወዲያው የተቃራኒው አሰልጣኝ እጁን አውጥቶ ለዳኛው አንድ ነገር ተናገረ። ዳኛው የታቦን ዱላ ተቀበለ፣ በዓይኑ ልክ አግድም ያዘው፣ ኳስ ከተተበት፣ ከጎን አሻግሮ አየ። ያን አያያዝ አወቅሁት። ሚስተር ዳን ያኔ ያሳየኝ ነበር።

ጎሉ ተሰረዘ። ታቦን አስወጥተው ቅጣት ላይ አስቀመጡት። ከወዲያኛው ደጋፊ በኩል «አጭበርባሪ! አጭበርባሪ!» የሚል ጩኸት ተነሳ። ታቦ የራስ ቁሩን አውልቆ ዙሪያውን ያያል፤ ምን እንደሆነ እሱም አልገባውም።

እናቱ በአጥሩ በኩል እጅጌዬን ያዘችኝ። «ወንድሜ፣ አንተ ታውቃለህ። ልጄ ምን አድርጎ ነው አጭበርባሪ የሚሉት?» እንባዋ ቀርቧል። ሰው እያየ የሚያጨበጭብ አዋቂ አሁን ምን ይበላት? «ቆይ ልጠይቅ» አልኳት። በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ መጠየቄ ነበር።

ሚስተር ዳንን ክንዱን ያዝኩት። «ምን አጠፋ?»

«ኪሱ ጥልቅ ነው። ኳሷ ከጠርዙ በታች ከሰመጠች ክልክል ነው፤ አንዳንዱ ኳስ እንዳይቀሙት ሆን ብሎ ያደርገዋል። አሳይቼህ ነበር እኮ ማስተር።»

«የበረኛውስ?»

«በረኛ ገደብ የለውም።»

ቆዳ ሲረጥብ እንደሚረግብ እኔ አውቅ ነበር፤ እነሱ አያውቁም። ጥልቀቱ ገደብ እንዳለው እነሱ ያውቃሉ፤ እኔ አላውቅም። ግማሹ እኔ ጋ፣ ግማሹ እነሱ ጋ ሦስት ዓመት አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጧል። «ጠፍሩ ነው፣ ዝናብ ነክቶት ነው፣ እኔ ነኝ» አልኩት። ሚስተር ዳን ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «አሁን አትናገር» አለኝ። «ሰበብ ይመስልብናል።»

ታቦ ቅጣት ላይ ሳለ በአንድ ሰው ጎድለው ተጫወቱ፤ ያኔ ጎል ገባባቸው። አስር ለዘጠኝ ተሸነፉ። ዋንጫው ሄደ።

ወደ አጥሩ ተመልሼ ለእናቱ ነገርኳት። «ልጅሽ አላጭበረበረም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ደህና ነው ያልኩትም እኔ ነኝ።» እንደምትሰድበኝ ጠብቄ ነበር፤ ይገባኝም ነበር። «እኔማ ልጄን አውቀዋለሁ» አለች። «ለእነዚያ ንገራቸው።»

ጨዋታ ሲያልቅ ሁለቱ ቡድኖች ተሰልፈው እጅ ይጨባበጣሉ። ሚስተር ዳን አትናገር ያለኝን ትቼ ዱላውን ይዤ ገባሁና ታቦ ጎን ተሰለፍኩ። ለእያንዳንዱ ልጅ የረገበውን ጠፍር እያሳየሁ በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ሌዘር፣ ሬይን፣ የእኔ ስህተት፣ ታቦ አያውቅም» አልኩ። ጨርሼ ለሚቀጥለው ደግሞ እንደገና። አንዳንዶቹ ግራ ገባቸው፣ ሁለቱ ሳቁ። አምበላቸው ግን ቆመ፣ ቆዳውን በጣቱ ነካ፣ ታቦን አቀፈው። ከዚያ በኋላ ያ ጩኸት አልተሰማም። እኔ ግን አፍሬ ላብ በላብ ሆኜ ነበር።

ሰልፉ ሲያልቅ ታቦ ወደ እኔ ዞረ። «ማሉሜ፣ ሻርፕ ብለኸኝ ነበር እኮ።»

«አላውቅም ነበር» አልኩት። «ደንቡን አላውቀውም። ጨዋታውንም አላውቀውም።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ?»

«ሦስት ዓመት ሙሉ።»

«ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር» አለ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ዱላውን ከእጄ ወስዶ ወደ እናቱ ሄደ።

በማግስቱ ካርዱን ለሚስተር ዳን ልመልስ ብል እምቢ አለኝ። «በሚቀጥለው ዓመት በናይለን ትሠራለህ፤ መጀመሪያ ግን ደንቡን ትማራለህ» አለኝ። ተማርኩ። አሁንም ግማሹ ግራ ይገባኛል፤ ልዩነቱ ግራ ሲገባኝ አፍ አውጥቼ መናገሬ ነው። ተጫዋቾቹ «ማስተር ደግሞ መጣ በጥያቄው» እያሉ ያሾፉብኛል። ያሹፉ።

ለእናንተ አሁን ሙያውን ለምትጀምሩ የምለው አጭር ነው። አንድ ዕቃ ወደ እጃችሁ ሲገባ የት እንደሚውልና ገደቡ ምን እንደሆነ ጠይቁ፤ ያላወቃችሁትን አላወቅሁም በሉ።

ታቦ ተመርቆ ሥራ ይዟል። አንድ ዓመት ያህል ጠፍቶብኝ ነበር፤ ከዚያ ሶሉ የተላቀቀ ጫማ ይዞ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጣ። አሁን ጫማውን ለእኔ ነው የሚያመጣው። ስጨርስ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ «ማሉሜ፣ ሻርፕ?» ይለኛል። ጫማውን ገልብጬ፣ ሶሉን አጥፌ፣ ስፌቱን በጥፍሬ ስቤ እስካየው ድረስ አልመልስለትም። እሱም ቆሞ ይጠብቀኛል።